ቅሬው ያውቅ ነበር

ከአረብ አገር ከተመለስኩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ግድግዳው ሲያወራኝ እመልስለት ነበር። እናቴ ጸበል አስጠመቀችኝ። ሰው በመጣ ቁጥር ደግሞ ጓዳ ታስገባኛለች፤ ለሚጠይቃት ሁሉ «ተመልሳ ሄዳለች» ትላለች።

አንድ ጠዋት ስለ አእምሮ ሕመም የሚያጠኑ ሰዎች ከመካነ ሰላም መጡ። አንዷን የቅሬያችን ዳኛ እኛ ቤት ይዘዋት ገቡ። ቅሬ በእኛ አገር ለቀብርና ለለቅሶ የሚረዳዳ የጎረቤት ማኅበር ነው፤ ዳኛው መሪያችን ናቸው። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ሥር ጭቃ የነካውን ጫማዋን አያለሁ።

«እማማ፣ እዚህ ቤት ብቻውን የሚያወራ፣ ከሰው የሚሸሽ አለ?»

«ኧረ የለም፣ ልጄ።»

«እንቅልፍ ያጣስ?»

«እኔ ነኛ። ቁንጫው መቼ ያስተኛል።»

ሳቄ አመለጠኝ።

«ዶሮዋ ናት» አለች እናቴ።

«የምትስቅ ዶሮ ዛሬ ገና መስማቴ ነው» አሉ ዳኛው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኅቴ፣ ለለቅሶ ቤት ውሃ የመቅዳት ተራሽን ያነሳንልሽ ለምን ይመስልሻል?»

«ለጉልበቴ ብላችሁ አይደለም፣ ጋሼ?»

«ጉልበትሽማ ገበያ ያደርስሻል። ልጅቱን ትተሽ እንዳትወጪ ብለን ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ተደብቄያለሁ ስል፣ ለካ የቅሬው ሴቶች ሁሉ እያወቁ የእናቴን ውሃ በጀርባቸው ሲያመላልሱ ኖረዋል።

እናቴ አለቀሰች። «እናንተ ጠይቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ ልጄ ስም ወጥቶላት ትቀራለች» አለቻት ጠያቂዋን።

«የምንጠይቀው ጤና ጣቢያው ማንን ማከም እንዳለበት እንዲያውቅ ነው፣ እማማ። መድኃኒቱ በየወሩ ነው። የሚያመላልሳት ሰው ግን ያስፈልጋታል።»

«ሬሳ ተሸክመን ዳገት የምንወጣ ሰዎች» አሉ ዳኛው፣ «በእግሯ የምትሄድ ልጅ አታቅተንም።»

እውነትም ሴቶቹ እየተፈራረቁ ጤና ጣቢያ ይወስዱኝ ጀመር። በነጠላዬ ፊቴን እሸፍናለሁ። «ገደል ገብተሽ ለእኛው ቀብር ልትጨምሪብን ነው?» አለችኝ አንዷ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን አልገለጥኩም።

ግድግዳው እያደር ዝም አለ። ሀፍረቱ አብሮት አልሄደም። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞት ግን እናቴን ቤት አስቀምጬ፣ በእሷ ተራ ጀሪካን አዝዬ ለለቅሶ ቤት ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ቀና ሳልል በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩ። ማንም አላመሰገነኝም፤ ማንም አላዘነልኝም።

«አልሞላም እኮ» አለችኝ ከኋላዬ አንዷ፣ ለማንኛዋም ሴት እንደምትለው።

ተመልሼ ወደ ምንጩ ወረድኩ።