የየኔታ ድምፅ የጠፋበት ጠዋት

ነገሩ ከሆነ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ጎንደር ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» እላቸው ነበር። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው መዘጋት ሲጀምር፣ ፈጥኜ ዜማቸውን ቀዳሁት። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰሞን ደግሞ ቅጂውን ሳሎን ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ትንሽ ሰርቨር አደረግሁት። ቤታችን የመጣ ተማሪ በዋይፋያችን ገብቶ፣ ስልኩ ላይ አንድ ቁጥር ጽፎ ያለ ኢንተርኔት ያዳምጣል። የኔታም አልጋቸው ላይ ሆነው ያዳምጡ ነበር።

በመጨረሻ የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ስልኩን ዘረጉልኝና «ምነው፣ ዛሬ እንቢ አለኝ» አሉኝ።

«አሁን አስተካክለዋለሁ» ብዬ ወደ ሳሎን ሄድሁ።

ኮምፒውተሩ ላይ ስሞክረው የዜማው ገጽ ይከፈታል። ከስልክ ግን አይከፈትም። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁት። ከውጭ የሚገባን የሚያግደውን የመከላከያ ፕሮግራም ዘጋሁት። ገመዱን ቀየርሁ። ምንም የለም። እልህ ያዘኝ።

ሚስቴ ትርንጎ መጣች። «የኔታ ይጠሩሃል።»

«መጣሁ በያቸው።»

ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። «ይተወው፣ ይምጣና አጠገቤ ቁጭ ይበል ብለዋል።»

«መጣሁ አልሁሽ እኮ!» ጮህሁባት።

ቀኑ ሲጋመስ ደረስሁበት። ለካ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዋይፋዩን የሚያሠራጨው ራውተር ለኮምፒውተሩ ሌላ ቁጥር ሰጥቶታል፤ ስልኩ የሚፈልገው በድሮው ቁጥር ነው። አስቀድሜ ባየው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። የኮምፒውተሩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ባሰማቸውስ? አልታየኝም።

አዲሱን ቁጥር ስልኩ ላይ ጻፍሁ። የየኔታ ዜማ ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ ብሎኝ ወደ መኝታ ቤት ሮጥሁ።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። የተኙ መስሎኝ ስልኩን ጆሯቸው ሥር አስጠጋሁት። «የኔታ፣ ሠራ» አልኋቸው።

ትርንጎ ውኃ ይዛ ገባች። እጃቸውን ዳሰሰችና ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እሱን ነገር አጥፋው» አለችኝ።

ማጥፊያው ጠፋኝ። አባቴ ሞተው፣ ድምፃቸው ገና ያዜም ነበር።

አሁን ቁጥሩን ቋሚ አድርጌዋለሁ። ከማክሰኝትና ከትክል ድንጋይ የሚመጡ ተማሪዎቻቸው ያዳምጣሉ። «ሸጋ ሥራ ሠራህ፣ የአባት ውለታ መለስህ» ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። እኔ ግን ገጹን ከዚያ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም።

ለምን እንደ ጠሩኝ አላውቅም። ምናልባት እጄን ሊይዙ ብቻ ይሆናል። ያን ጠዋት ስንት ጊዜ እንደ ጠሩኝ የምታውቀው ትርንጎ ናት፤ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ብታነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።