እማማ ወንፊትና የመቶ አሥሩ ከረጢት

በዛፍ ጥናት ጣቢያው ጓሮ፣ ወለሉ ከዓመት ዓመት በማይደርቅ ክፍል ውስጥ ሥር የምታጥብ ሴት ነበረች። ስልሳ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ወንፊት ከእጇ ስለማይለይ ሁሉም «እማማ ወንፊት» ይላታል።

የእህቷ ልጅ፣ ሲቆፍር የሚውለውና «ፍልፈል» የሚሉት፣ ዛፍ ሥር በመሰርሰሪያ አፈር ያወጣል። የየአሥር ሳንቲሜትሩን ለየብቻ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ጥልቀቱን ይጽፍበታል። እሷ አፈሩን ሳፋ ውስጥ ትዘፈዝፋለች፣ በወንፊት ታሳልፋለች፣ ከዚያ እንደ ጸጉር የቀጠኑትን ሥሮች በወረንጦ አንድ በአንድ ለቅማ ሳህን ላይ ታኖራለች፤ የከረጢቱንም ጥልቀት ወረቀት ላይ ጽፋ ሳህኑ ላይ ትለጥፋለች። ሕያው ሥር ሲያጎብጡት ይለመጣል፤ የሞተው ቀጭ ይላል። ይህን ጣቷ እንጂ ዓይኗ አይነግራትም።

ፊደል የቆጠረችው ለዚሁ ሥራ ብላ በሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ያስቆጠረቻትም የልጅ ልጇ ናት። በመጀመሪያው ዓመት ስድስትን ገልብጣ ዘጠኝ ብላ ለጥፋ አንድ ሳምንት ሙሉ ተስቆባታል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቁጥር ሦስቴ ሳታይ አትለጥፍም።

አንድ ጠዋት በጣቢያው መግቢያ በር የቆመው ዛፍ ከረጢቶች ደረሷት። ቀጭን ሥር አብዛኛው ለም አፈር ባለበት ከላይ ነው፤ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። ይህን ከሺህ ከረጢት ተምራዋለች። የዚህኛው ዛፍ ግን የላዩ ከረጢት ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ከመቶ አሥር ሳንቲሜትሩ ግን አንድ እፍኝ ሙሉ ወጣ። ወጣቱ ተመራማሪ ገብቶ ሳህኖቹን አየ።

«እማማ፣ ተገለባብጦብዎታል።»

«አልተገለባበጠም፣ ልጄ።»

«ሥር እንዲህ አይወርድም። የላዩን ምልክት ታች፣ የታቹን ላይ አድርገውታል። ይለዋውጡትና እንቀጥል።» ሳህኖቹን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ ጨመረ፦ «እንደዚያ እንደ ስድስቱ ከሆነ፣ አጠባውን ለተማረ ሰው መስጠቴ ነው። አይቀየሙኝ።»

እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሁለት ወረቀት ልጦ መለጠፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ወንበሯም ይተርፍላታል።

«ዶክተር፣ ወንበሩን ውሰድ። ምልክቱን ግን አልነካም። እጄ የዳሰሰውን ዛሬ ብቀይር፣ ከነገ ወዲያ የማጥበው ሁሉ ጭቃ ብቻ ነው።»

ፍልፈል ከበሩ ላይ ሳቀ። «አክስቴ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ይኸው ሞኟም ወረቀቱም እዚህ ነን። አንተ ይልቅ አካፋህን አምጣ! የበሩን ዛፍ ቆፍረን እንየው።»

ተመራማሪው ሰዓቱን አየ፤ ግን እምቢ አላለም።

ፍልፈል ከግንዱ ሁለት እርምጃ ርቆ ጀመረ። ቀይ፣ ጠጠር የበዛበት፣ አካፋ የሚመልስ አፈር ነው። ጉልበቱ ድረስ ገባ፤ ሥር የለም። ወገቡ ድረስ ገባ፤ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ክር። ተመራማሪው አጎንብሶ በሜትር ይለካል። እማማ ወንፊት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ቀሚሷን ጨብጣለች።

«ኧረ!» አለ ፍልፈል ከታች። «አፈሩ ጠቆረ! አካፋውም ሰጠመ!»

ተመራማሪው ንጹሕ ሱሪውን ረስቶ ዘሎ ገባ። ጥቁሩን አፈር በእጁ ቢፈረፍረው፣ ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች እንደ ጥጥ ተያይዘው ወጡ። ሜትሩ መቶ ስምንት ይላል።

«የድሮው መሬት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «መንገዱ ሲሠራ ቀዩን አፈር ደፉበት፤ ዛፉን ከዚያ በላይ ተከሉት።»

«ችግኝ ሆኖ ድንጋይ ላይ ቢያስቀምጡት፣ ምግቡን ፍለጋ ወረደ» አለች። «ሕጉን አልጣሰም። የበላው ለም አፈር ነው፤ ለሙ ግን ታች ነበር።»

ተመራማሪው ቀና ብሎ አያት፤ ግንባሩ ጭቃ ነው። «ይቅርታ፣ እማማ። የተገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ቀጥ ብለህ ውጣ» አለ ፍልፈል፣ «ትከሻዬን አትርገጥ እንጂ።»

ክፍሉ ሲመለሱ ተመራማሪው ሁልጊዜ ራሱ የሚጽፍበትን የመዝገብ ደብተር ወደ እሷ ገፋ አደረገው። እጇን በቀሚሷ አብሳ፣ 110 ብላ በዝግታ ጻፈች። ዜሮው ትንሽ ተንጋደደ። ሦስቴ አየችው።

«በል» አለች ፍልፈልን፣ ቧንቧውን እየከፈተች፣ «መቶ ሃያውን አቀብለኝ።»