መርከብ ለመምረጥ ወደ ቡሬ

ባሕር የሌለው አገር ሰው «መርከብ ምረጥ» ቢባል ወዴት ይሄዳል? እኔ ወደ ቡሬ ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የሺ ከቤት ከወጣች ስድስት ዓመት አልፏል። መጀመሪያ ቤሩት በሰው ቤት ሠራች፤ ኋላ በአንድ ትልቅ የሽርሽር መርከብ ወጥ ቤት ተቀጠረች። በጥቅምት መጨረሻ ከእሷ ደብዳቤና አንድ የሚያብለጨልጭ መጽሔት በፖስታ ደረሰኝ። መርከቡ ለሠራተኞቹ ወላጆች በየተራ አንድ ጉዞ ይፈቅዳል፤ ዘንድሮ ተራው የእሷ ነው። መጽሔቱ ላይ ያው መርከብ የሚሄድባቸው ሦስት ጉዞዎች ተዘርዝረዋል። የመረጥከውን ኅዳር አጋማሽ እሑድ ስደውል ንገረኝ፣ የወረቀቱን ጣጣ እኔ እጨርሳለሁ ትላለች።

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሆዴን እወዳለሁ፤ ይህን ተማሪዎቼም ያውቁ ነበር። ስለዚህ ምርጫውን የጀመርኩት ከምግቡ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ስመ ጥር ወጥ ሠሪዎች ይሳፈራሉ፣ በየማታው ዘጠኝ ዓይነት ምግብ ይቀርባል፣ መርከቡም ቀናቱን የሚያሳልፈው ባሕር ላይ ነው። ሁለተኛው ቆጵሮስንና እስክንድርያን ያሳያል፤ የምግቡ ሥዕል ግን ያን ያህል አያስጎመጅም። ሦስተኛው በየቀኑ አንድ ትንሽ ደሴት ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ምሳውን ወርዶ በየወደቡ እንደሚበላ ተጽፏል። መርከብ ተሳፍሬ ምሳ ፍለጋ ልዞር? ሦስተኛውን ወዲያው ሰረዝኩት።

ባለቤቴ አስካለ ውኃ ትፈራለች፤ የምሄደው ብቻዬን ነው። የሁለት ሳምንት ንትርኬን ዝም ብላ ስትሰማ ከርማ በመጨረሻ፣ «በፈለጉት ይሂዱ፤ ብቻ ከልጄ ጋር አንድ ማዕድ ይብሉ። አገልግል አዘጋጅልዎታለሁ» አለችኝ። ዘጠኝ ዓይነት ምግብ ያለበት መርከብ ላይ አገልግል ይዤ ስገባ ታየኝና ሳቅኩባት።

ሐሙስ ጧት፣ ከፍኖተ ሰላም

ቡሬ አቶ ይስማው አለ። የድሮ የባሕር ኃይል ወጥ ሠሪ ነው፤ በእኛ በኩል ስለ መርከብ የሚያውቅ ሌላ ሰው አላውቅም። በአንድ ሰዓት መናኸሪያ ደርሼ በስድስት ብር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከጎኔ አንዲት የማንኩሳ ሴትዮ ሁለት ዶሮ ታቅፈው ተቀምጠዋል።

መንገዱ በዚህ ወር ደስ ይላል። ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጨዳውን ይጠብቃል፣ ዳጉሳው ተከምሯል፣ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ከሩቅ ይቀላል። እኔ ግን መጽሔቱን ገልጬ ዘጠኙን ምግቦች እቆጥር ነበር። ሴትዮዋ አንገታቸውን አስግገው አንዱን ሥዕል አዩና ጊንጥ ይበላሉ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ጊንጥ እንዳልሆነ፣ የባሕር ፍጥረት እንደሆነ፣ ልጄም እዚያው ወጥ ቤት እንደምትሠራ በኩራት ነገርኳቸው።

«ኧረ ልጂቱን! ይኸን ሁሉ ጊንጥ እሷ ናት የምትቀቅለው?» አሉ። ማንኩሳ ሲወርዱም ዞረው እግዜር ይርዳት ብለውኝ ሄዱ። ጥያቄያቸውን ያኔ የገበሬ የዋህነት ነው ብዬ አለፍኩት።

እዚህ ላይ ስለ ደብዳቤው አንድ ነገር ልናገር። የሺ ስለ ራሷ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «እኔ የምኖረው በመርከቡ ሆድ ውስጥ ነው፤ አታስቡ» ይላል። የጎጃም ሰው ነኝና መስመሩን እንደ ቅኔ ፈታሁት። ሰሙ ወጥ ቤቱ ነው፤ ሆድ መብል ነውና። ወርቁ ግን እናት ልጇን በሆዷ እንደምትይዝ መርከቡ ይዟታል፣ ሰዎቹ ወደዋታል ማለት ነው። ይህን ፍቺ ለጡረተኛ ጓደኞቼ ሁሉ አውርቼ ተደንቆልኛል። እውነቱን ልናገር ከተባለ ግን ልጄ ክፉኛ ናፍቃኝ ነበር። እሷን እሷን እንዳልል ነው ስለ ምግቡ የማወራው።

ቡሬ

የአቶ ይስማው ምግብ ቤት በር ላይ መልሕቅ ተሥሏል። መልሕቅ የማያውቅ እንግዳ ሁሉ የሥጋ መስቀያ ሜንጦ እየመሰለው ጥሬ ሥጋ ያዛል አሉ። ሚስቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ሰውየው የወንድሙን በርበሬ ሊያስገባ በሽንዲ መንገድ ገጠር እንደወጣ ነገሩኝ። በአሥራ ሁለት ብር ጥብስ በልቼ (ሽንኩርቱ በዝቶበታል) ተነሣሁ። እሑድ ሊደርስ ሁለት ቀን ነበር የቀረኝ፤ ሳልጠይቀው መመለስ አልሆነልኝም።

በእህል ጫኝ መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣብቄ አርባ ደቂቃ ያህል ሄድኩ። ከዚያ ማሳ ለማሳ በእግር ሄጄ ቀትር ላይ አገኘሁት። ራሱ ሸብቷል። ከበርበሬው መካከል ቀና ብሎ ሲያየኝ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሁለቴ እጅ ነሣኝ። ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ጠላ ቀረበልን። መጽሔቱን ሲያገላብጥ ዘጠኙን ምግብ በጣቱ ዳሰሰ። ምጽዋን ሳያይ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

የልጄን ግብዣ አስረድቼ የትኛው ይሻላል አልኩት። እሱ ግን ልጄ ምን ጻፈች ሲል ጠየቀኝ። መስመሯን በቃሌ አልኩለት፤ ፍቺዬንም አከልኩበት፤ እስኪያደንቅልኝ ጠበቅኩ። አላደነቀልኝም።

«መምህር፣ ይኸ ቅኔ አይዶል» አለኝ ቀስ ብሎ። «የመርከብ ሆድ አለ። ከውኃው በታች ነው፣ መስኮት የለውም። ወጥ ቤቱም መኝታውም እዚያ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት መርከብ ላይ ኖሬ ባሕሩን ደኅና አድርጌ ያየሁት ከመርከብ የወረድኩ ቀን ነው።»

እኔማ እሷ በምትሠራበት መርከብ እየበላሁ ማታ ማታ አብረን የምንቀመጥ መስሎኝ እንደነበር ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሠራተኛ ከተሳፋሪ ጋር ማዕድ እንደማይቀርብ፣ ዘጠኝ ዓይነት ምግብ ለማቅረብ ከታች ያለው ሰው ከጎህ እስከ እኩለ ሌሊት እንደሚቆም አስረዳኝ። እኔ ከላይ ስጎርስ እሷ ከእግሬ በታች ድንች ትልጣለች።

«ምግቡ ባማረ ቁጥር ልጅዎን አያዩዋትም» አለኝ።

ጠላዬን አስቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ወርቅ ስቆፍር ሰሙ አልፎኛል። ልጄ ቅኔ አልተቀኘችም፤ ያለችበትን ነው የነገረችኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አቶ ይስማውም ወደ በርበሬው ዞሮ ጊዜ ሰጠኝ። ሲመለስ ሦስተኛውን ጉዞ ገልጦ፣ ለምን በብዕር እንደሰረዝኩት ጠየቀኝ። ምሳ ስለሌለው ነው አልኩት።

«ምሳ ከሌለ ወጥ ቤቱ ዕረፍት አለው። ወደብ ላይ ሠራተኛውን በየተራ ይለቁታል።» ከዚያ መጽሔቱን ወዲያው አልመለሰልኝም። የመጨረሻውን ገጽ፣ ባሕሩ ብቻ ያለበትን፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አየው። ገጹን ቀድጄ ሰጠሁት፤ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

መመለሻ

ሲመሽ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ለአስካለ ሁሉንም አልነገርኳትም፤ ሦስተኛውን መርጫለሁ ብቻ አልኳት። ያለ ምሳ እንዴት ሊሆኑ ነው ብላ ተገረመች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩ ጠራ። የየሺ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፣ ይቆራረጣል። ምርጫዬን ነገርኳት።

«አባባ፣ እሱ እኮ ምግቡ ደኅና አይዶለም። አንተ የመጀመሪያውን ነበር የምትወደው።»

«ለስንት ሰዓት ይለቁሻል? ወደብ ላይ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ማን ነገረህ?» አለችኝ። ድምፅዋ ተለውጧል። ቆይታም፣ «ለሁለት ሰዓት። አንዳንድ ቀን ለሦስት።»

«ለምሳ ይበቃል» አልኳት።

ስታለቅስ ሰማኋት፤ እኔም አልቻልኩም። ስልኩን ለእናቷ ሰጥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጉዞው ያስተማረኝ ይኸው ነው፦ የናፈቁት ሰው ያለበትን ሲነግር ቃሉን እንዳለ መስማት ይገባል፤ ፍቺው ይቆያል።

አስካለ ስልኩን ጨርሳ ስትመጣ መደርደሪያ ላይ ተንጠራርቼ አገልግሉን ሳወርድ አገኘችኝ። አቧራ ጠጥቷል፤ ማንገቻውም ተበጥሷል። ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ጠፍር አስገቢለት» አልኳት። «ለሁለት ሰው የሚበቃ እንዲይዝ።»