ከራሴ የጨመርኳት «አንድም»

ባለፈው ሳምንት ቡሬ መናኸሪያ፣ መንገዱ ይከፈት እንደሆን ብለን ከጧት ጀምሮ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ወጣት ስለ ባቢሎን አወዳደቅ የተነገረውን ትንቢት ከስልኩ ላይ ለተጓዡ ያነብ ጀመር። ንባቡ ጥሩ ነበር። ጨርሶ «አንድም...» ሲል ግን ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ጅጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር ቤታችን። ግጥም ያስተማረኝ የለም፤ ካገኘሁት ወረቀት ሁሉ እየቃረምኩ፣ ሁለት ወር ያህል ደግሞ የደብራችን መሪጌታ ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲተረጉሙ ከኋላ ቆሜ እየሰማሁ ነው የለመድኩት። እሳቸው አንዱን ቃል ይፈቱና «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ። ያቺ ቃል ጣፈጠችኝ። እኛ አገር «አንድም» የተባለ ሁሉ ከአባቶች የወረደ ተብሎ እንደሚታመን ግን ልብ አላልኩም።

ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አየሩ እርጥብ አፈርና እበት ይሸታል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ማንበብ ለማይችሉት አባቴ ትንቢቱን አነበብኩላቸው። እናቴና ታናሽ እኅቴ ስመኝ በቆሎ እየቆሉ ነበር። የመንግሥታት ሁሉ ጌጥ የነበረችው ከተማ የጉጉት ማደሪያ እንደምትሆን ሲሰሙ፣ አባቴ የያዙትን ጥሬ መቆርጠም ተዉ።

«ያን ያህል ኀያል ሆና?»

«አዎ፣ አባዬ።»

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሲደነቁ ማየት ግን አሰከረኝ። ድምፄን እንደ መሪጌታ ወፈር አድርጌ፣ «አንድም ባቢሎን ያለንባት አገር ናት፤ የዘንድሮን ዘር የሚሰበስበው የለም» አልኩ። የራሴ ስንኝ ነበረች። ታምራለች ብዬ ነው።

ሰኞ በሬዎቹ አልተጠመዱም። ረቡዕ አባቴ የዘር በቆሎውን በቁና እየሰፈሩ ለነዳያን ያድሉ ጀመር። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ጮኸች፦

«ኧረ ባቢሎን ወደቀች ተብሎ የኛ ጎተራ ይገለበጣል? ባቢሎን የት ናት፣ ጅጋ ገበያ ናት?»

«የማይሰበሰብ ለምን ይዘራል? ነፍሳችንን እንኳ እናትርፍ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ልናገር እልና፣ አባቴ ለጎረቤቱ «ልጄ ትርጓሜ ተምሯል» ሲሉ እሰማለሁ፤ ከደጃፉ እመለሳለሁ። የሰው በቆሎ በቅሎ ሦስት ቅጠል አወጣ። በመጨረሻ እናቴ ከወንድሟ ዘር ልትለምን ስትነሣ ጊዜ፣ አባቴን ብቻቸውን አግኝቼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ያቺ አንድም የመሪጌታ አይደለችም፣ አባዬ።»

«የማን ናት ታዲያ?»

«የእኔ። ከራሴ ነው።»

ይመቱኛል ብዬ ነበር። አልመቱኝም። ጎተራው ውስጥ ገብተው ወለሉን በጣታቸው እየዳሰሱ የቀረ ፍሬ ሲለቅሙ ሰማኋቸው። አንድ እፍኝ አልሞላም።

ከአጎቴ የመጣችው ዘር ዘግይታ ተዘራች፤ እሸት ሳትይዝ ዝናቡ ጥሏት ሄደ። በዚያ ዓመት ስመኝ ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ ቡሬ ሰው ቤት ተቀጠረች።

አባቴ የነገርኳቸውን ለእናቴም ለማንም ሳይናገሩ አረፉ። እኔ ዛሬም እጽፋለሁ፤ አንዳንድ ስንኞቼን ሰዎች በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ስመኝ ልጆቿን እያስጠናች ሒሳቡ ሲያዳግታት፣ «አባዬ ያልገባቸውን ትንቢት ይዘው ከትምህርቴ አስወጡኝ» ትለኛለች።

እኔ ያልኳቸው በደንብ ገብቷቸው ነበር። ይህን አልነገርኳትም።