ማንም ያልወደደው የጠፈር ፊልም

የጎረቤት ጀኔሬተር ሲነሳ የናፍጣው ሽታ በመስኮት ገባና ወዳደግኩባት ከተማ፣ ወደ መርሳ ወሰደኝ። ወልድያ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ እኔም ጋደም ብዬ በልጅነቴ ያየሁትን የጠፈር ፊልም በስልኬ እያየሁ ነበር።

ያኔ መርሳ ቪዲዮ ቤት ነበረን። ብርሃን እንዳይገባ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀልና ቆርቆሮው ስር እንቀቀላለን። እንግሊዝኛ ለማይገባን ታላቅ ወንድሜ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ በማይክራፎን ይተረጉምልን ነበር። ይህ እሑድ እሑድ ነው፤ ሌላውን ቀን መኪና ስር ነው የሚውለው። አባታችን ሲሞት ዩኒቨርሲቲውን አቋርጦ መጣና እኛን ታናናሾቹን ለማሳደግ ጋራዡን ያዘ።

የፊልሙ ሰውዬ ጠባብ የሞተር ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው። ሌሎቹ መንገደኞች ተኝተዋል። ጭራቅ የለ፣ ተኩስ የለ።

“ኧረ ቀይረው! እንቅልፋችን መጣ!” ይላል ሕዝቡ እያፏጨ።

ወንድሜ ግን ላቡን እየጠረገ ቀጠለ፤ “በሩን ከውጭ ቆልፈውበታል። ቢጮህ የሚሰማው የለም።”

አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ሰውዬው ሳይሆን የወንድሜ ድምፅ ነው። በወንድሜ ላይ በሩን የቆለፍንበት እኛ ታናናሾቹ መሰለኝ። ስማርም፣ ስቀጠርም ይኸው ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ ኖረ።

አሁን ግን ፊልሙ ከስሩ የአማርኛ ጽሑፍ ነበረው። ለካ ማንም አልቆለፈበትም! የሞተሩ ጭስ ወደተኙት እንዳይደርስ በሩን ከውስጥ የዘጋው ራሱ ነው። ሲዘጋው እጁን ብቻ ነው የምናየው፤ ፊቱን አያሳዩንም። ለፊልሙ ያን ሁሉ ፉጨት ያተረፈለት ዝግታው ነው፤ ለእኔ ግን ውበቱም እሱ ነው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ለካስ ማይክራፎንም አይሰጠውም።

ወዲያው ለወንድሜ ደወልኩለት።

“ጋሼ፣ ያን የጠፈር ፊልም ደግሜ አየሁት። በሩን የዘጋው እኮ ራሱ ነው።”

“አውቃለሁ። ያኔም ገብቶኝ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ቆለፉበት አልከን?”

ከጀርባው መዶሻ ይሰማል።

“ያን ሰሞን እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ፣ እህት ዓለም።”

“አሁንስ?”

“አሁንማ ቢከፈትስ ወዴት ልሂድ?” ብሎ ሳቀ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። “ና እስቲ ወልድያ፣ አብረን እንየው” አልኩት።

“ይቺን መኪና ልጨርስና” አለኝ።