የላይኛው ማሳ ለምን ጠቆረ?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሚስቴ ደግሞ መሬት የምታየው ከሰማይ ነው። ሳተላይት ያነሳውን ምስል ኮምፒውተር ላይ ትከፍትና የትኛው አፈር በቆሎ እንደሚያበቅል ለመሥሪያ ቤቷ ትናገራለች። አንድ ቀን የረሳችውን ምሳ ይዤላት ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ፣ ኮምፒውተሯ ላይ ማሳው ሁሉ ደም መስሏል።

«ምን ጉድ ነው?» አልኳት።

«ቀዩ ለምለሙ ነው። ቅጠል የሚመልሰውን፣ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን በቀይ እናወጣዋለን» ብላ ሳቀችብኝ። ባዶ መሬት ሲሆን ደግሞ ጠቆር ያለው ብዙ ጊዜ ብስባሽ የጠገበ አፈር ነው አለች። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ካገኘሁ እግሬ አይነሳም፤ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ።

እዚያው እያለሁ አባቷ ደወሉ። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል።

«ልጄ፣ ዘንድሮ ሁለቱን ማሳ አልችልም። አንዱን አጎትሽ ይረሰው። ከእኔ ዓይን ያ የሰማይ ነገርሽ ይበልጣልና ለበቆሎ የሚሻለውን ንገሪኝ፤ የዓመት ቀለቤ ነው።»

የቅርቡን ምስል ከፈተች። የላይኛው ማሳ ጥቁር፣ የታችኛው ፈዘዝ ያለ።

«አባዬ፣ የላይኛውን ይያዙ» አለች። እሳቸውም የታችኛውን ለወንድማቸው ሰጡ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቤት ስትገባ ፊቷ ልክ አልነበረም። የድሮ ምስሎችን ስታመሳክር የላይኛው ማሳ በየዓመቱ ነጣ ያለ ነው፤ የጠቆረው በዚያ በአንዱ ምስል ብቻ።

«ዝናብ አርጥቦት ይሆናላ!» አልኩ፣ ባለሙያ ሆኜ።

«በዚያ ሰሞን መቼ ዘነበ? አንተ ልብስህን ስፋ!» አለችና ድንገት ጭንቅላቷን ያዘች። «ወይኔ! አገዳውን አቃጥለውት ነው! አፈር ያልኩት አመዱን ነው! የገበሬ ልጅ ሆኜ ይሄ እንዴት ይጠፋኛል?»

ቅዳሜ ተያይዘን አባቷ ዘንድ ሄድን። የላይኛውን ማሳ በአካፋ ገለጥ ስታደርገው፣ ከጥቁሩ ሥር ወዲያው ነጣ ያለ አሸዋማ አፈር ወጣ። አማቼ አጠገባችን ቆመዋል።

«አባዬ፣ ተሳስቻለሁ። የሚሻለው የታችኛው ነበር» አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔ በእሷ ፋንታ መግቢያ አጣሁ።

«ቃሌንማ አላጥፍም። ወንድሜ አርሶ አለስልሶ ጨርሷል» አሉ። «በዚሁ እንሞክራለን።»

«ፍግ እናለብሰዋለን። እኔም በየአምስት ቀኑ ከላይ እከታተለዋለሁ።»

አማቼ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ቁጣ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነገሩ ገርሟቸው ኖሯል።

«እንዲያው ያ ነገር፣ እዚህ ስቆም ያየኛል?»

«ኧረ አባዬ! የምስሉ አንዷ ነጥብ ቤት ታክላለች። ሰው አይለይባትም።»

«እኔ ደግሞ ታየኛለች እያልኩ…» አሉና አካፋውን ከእጇ ተቀበሉ። «እንግዲያው ቶሎ ቶሎ ነይ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትመጪ ያየሽው ማሳዬን ብቻ ነው።»