በእሷ ወረቀት

ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀሺ ተብዬ ፒያሳ አዲስ ከተከፈተ ጂም ገባሁ። የልጄ እኩያ የሆነ አሠልጣኝ እስኪርቢቶና ቅጽ አቀበለኝ። «የልብ ሕመም አለብዎት? ሲሮጡ ራስዎን ስተው ያውቃሉ?» ይላል ቅጹ። ልጁ እጁን በአልኮል አጽድቶ ስለነካው ወረቀቱ አልኮል አልኮል ይሸታል። ያ ሽታ ይዞኝ የልጅነት ሰፈሬ አፍንጮ በር ገባ።

ምን ልበልሽ፣ እኔና አንዲት የግቢያችን ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነበርን። የልጅነት ቶንሲል ልቧን ነክቶት በየወሩ መርፌ ትወጋ ነበር። ትምህርት ሲጀመር ሐኪሙ «ሩጫ ክልክል ነው» ብሎ ጻፈላት። እናቷም «ለስፖርት አስተማሪሽ በእጁ ስጪ» ብለው አጥፈው ሰጧት። ያም ወረቀት መርፌ ክፍሉን ይሸት ነበር።

እሷ ግን መሮጥ ትወዳለች። እኔ ደግሞ ድብልብል ነበርኩ፤ ስሮጥ ክፍሉ ሁሉ ስለሚስቅብኝ የስፖርትን ቀን እጠላ ነበር። መምህሩ አዲስ ነው፤ ማናችንንም ገና በስም አይለይም። «ወረቀቱን አንቺ ስጪው። በእኔ ስም ተቀመጪ፣ እኔ በአንቺ ልሩጥ» አለችኝ የትምህርት ቤቱ በር ላይ። ዓይኔን ሳላሽ ተቀበልኳት።

መምህሩ አነበበና ከባሕር ዛፉ ሥር አስቀመጠኝ፣ የልጆቹን ሹራብ እየጠበቅኩ። እሷ በአቧራው መሐል፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ እየሳቀች ስታልፍ እጇን ታወዛውዝልኛለች። አንድ ቀን መጥታ እጄን ደረቷ ላይ አደረገችው። ልቧ እንደታሰረ ዶሮ ይፈራገጣል። «ለእማዬ እንዳትነግሪ» አለችኝ። አልነገርኩም። ደስ ብሎኝ ነበራ! እኔ ተገላግያለሁ፣ እሷም የምትወደውን አግኝታለች፣ ማን ምን ሆነ?

በአራተኛው ሳምንት እየሮጠች ቁጭ አለች፤ ከዚያ ጋደም አለች። መምህሩ ተሸክሟት ወደ ስድስት ኪሎ ሆስፒታል ሲሮጥ አንድ ጫማዋ መንገድ ላይ ወደቀ። እኔ አነሳሁት። አልተረፈችም።

ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ እናቷ መምህሩን በኮቱ ያዙት። «ወረቀት ልኬልህ ልጄን ታስሮጣታለህ?»

«የታመመችው ሌላዋ...» ብሎ ጀመረና ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ላዩ ላይ ያለው ስም ድንኳኑ ሙሉ የሚለቀስበት ስም ነው። ቀና ብሎ በልጆቹ መሐል ፈለገኝ፤ አገኘኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናቴ» አላቸው።

ከሥራው ተባረረ። እናቷ እስኪሞቱ ረገሙት። እኔን ግን «የልጄ ምትክ» እያሉ በየዓመት በዓሉ ዳቦ ይቆርሱልኝ ነበር። በላሁት። እግዜር ያሳይሽ፣ እየጣፈጠኝ በላሁት። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል እሳቸውም አረፉ፣ ግቢያችንም ፈረሰ። መምህሩ የት እንደገባ አላውቅም።

«ማዘር፣ እዚህ የጻፉት ስም ከመታወቂያዎ ጋር አይገጥምም እኮ» አለኝ አሠልጣኙ።

አየሁት። በእኔ እጅ ጽሕፈት የእሷ ስም ተጽፏል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት።

«ኧረ ችግር የለውም ማዘር» ብሎ ሌላ ወረቀት ሰጠኝ።